ጓዳውን የናቀ ሳይንስ፦ ካንሰርና የራይቦዞም ግንበኞች

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪክ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ንጉሡን እንጂ ግንበኛውን አይጽፍም። ቤተ መንግሥቱን ያሠራው ሰው ስሙ መጽሐፍ ውስጥ ይገባል፤ ድንጋዩን የጠረበውና ጭቃውን ያቦካው ግን ይረሳል። ይህ የታሪክ ጸሐፊዎች አመል ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ትንሽ ነበር። የካንሰር ሳይንስም ለመቶ ዓመት ያህል በዚሁ አመል ተይዞ ኖሯል። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ቤቱን እንወቀው። በሴላችን መካከል ኒውክለስ አለ፤ ዲኤንኤው የሚቀመጠው እዚያ ነው። በኒውክለሱ ውስጥ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ የሚመስል ነገር አለ። ኒውክሊዮለስ ይባላል። ይህ ነጠብጣብ የሴሉ ጓዳ ነው፤ ራይቦዞም የሚሰናዳው እዚያ ነውና። ራይቦዞም ሴሉ ፕሮቲን የሚሠራበት መሣሪያ ነው። ምጣድ ለእንጀራ እንደሆነው ሁሉ ራይቦዞምም ለፕሮቲን እንደዚያ ነው። ጂን የፈለገውን ያህል ቢያዝ፣ ምጣድ ከሌለ የሚጋገር ነገር የለም።

አንድ የሰው ራይቦዞም ከ4 የአርኤንኤ ዘንጎችና ከ80 ያህል ፕሮቲኖች ይገነባል። ከእነዚህ ሌላ ዘንጎቹን የሚቆርጡ፣ የሚያጥፉ፣ የሚያገጣጥሙና የሚሸከሙ ከ200 በላይ ረዳት ፕሮቲኖች አሉ። እነሱ ሥራቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ እንጂ ባለቀው ራይቦዞም ውስጥ አይቀሩም። ግንበኛ የምላቸው እነዚህን ነው። ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴል በየደቂቃው በሺዎች የሚቆጠሩ የራይቦዞም ክፍሎች ስለሚሠራ፣ ግንበኞቹ እረፍት የላቸውም።

ካንሰርን ሲያጠኑ የነበሩ ሰዎች ይህን ጓዳ ከአንዴም ሦስት ጊዜ አንኳኩተውታል። ሦስቱንም ጊዜ ደጁ ላይ ቆመው ተመልሰዋል።

የመጀመሪያው ማንኳኳት

በ1896 ጁሴፔ ፒያኔዜ የሚባል ጣሊያናዊ ፓቶሎጂስት የካንሰር ሴሎችን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ኒውክሊዮለሳቸው ከጤነኞቹ ይልቅ ገዝፎ፣ ቅርጹም ተዛብቶ አገኘው። ከእሱ በኋላ የመጡትም ያንኑ አዩ። እስከ ዛሬ ድረስ የዕጢ ናሙና የሚያይ ሐኪም ውጤቱ ላይ "ጎላ ያለ ኒውክሊዮለስ" ብሎ ይጽፋል።

ነገሩ ግን ምልክት ብቻ ሆኖ ቀረ። ምክንያቱ ግልጽ ይመስል ነበር። ካንሰር የሚባዛ ሴል ነው፤ የሚባዛ ሴል ብዙ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጓዳው ይሰፋል። ሠርግ ያለበት ቤት ጓዳው ቢጨናነቅ ምን ይገርማል? ሠርጉ ጓዳውን አጨናነቀው እንጂ ጓዳው ሠርጉን አላመጣውም።

ይህ አስተሳሰብ ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ እውነት ነበር። ግማሽ እውነት ደግሞ ከውሸት ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል፤ ተነስቶ የሚሟገተው ሰው አይገኝምና።

ሁለተኛው ማንኳኳት

በ1911 ፔይተን ራውስ ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም የዶሮ ዕጢ ፈጭቶ፣ ሴል በማያሳልፍ ማጣሪያ አሳልፎ፣ ፈሳሹን ጤነኛ ዶሮ ላይ ሲወጋ ዕጢው ተመልሶ እንደሚበቅል አሳየ። በፈሳሹ ውስጥ ከሴል ያነሰ፣ ካንሰር የሚያመጣ ነገር አለ ማለት ነው። ዛሬ ቫይረስ መሆኑን እናውቃለን።

በ1930ዎቹ ቤልጂጋዊው አልበርት ክሎድ ያንን ነገር አጥርቶ ለማውጣት እዚያው ተቋም ውስጥ ሥራ ጀመረ። የዶሮውን ዕጢ ፈጭቶ በሴንትሪፊውጅ እያሽከረከረ ከባዱን ከቀላሉ ለየ። በመጨረሻም በአርኤንኤ የበለጸጉ ጥቃቅን ቅንጣቶች አገኘ። ከዚያ ግን ጥሩ ሳይንቲስት የሚያደርገውን አደረገ፤ ለማነጻጸር ካንሰር የሌለበትን የጫጩት ሽል ወስዶ በዚያው መንገድ ፈጨ። ተመሳሳዮቹ ቅንጣቶች እዚያም ነበሩ።

ካንሰር የሚያመጣውን ሌባ ሊይዝ የወጣው ሰው የቤቱን ምጣድ ይዞ ተመለሰ ማለት ነው። ክሎድ ቅንጣቶቹን ማይክሮዞም አላቸው። በ1955 ጆርጅ ፓላዴ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሴሉ ውስጥ ያሉትን ደቃቅ እንክብሎች ለይቶ አሳየ፤ በ1958 ደግሞ ራይቦዞም የሚለው ስም ወጣላቸው። ክሎድና ፓላዴ ከክርስቲያን ደ ዱቭ ጋር በ1974 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የራይቦዞም ታሪክ የተጀመረው በካንሰር ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ራይቦዞም ከታወቀ በኋላ ግን ሁለቱ መንገዶች ተለያዩ፤ አንዱ ወደ ባዮኬሚስትሪ፣ ሌላው ወደ ካንሰር ሄደ። እንደገና ለመገናኘት አሥርተ ዓመታት ወሰደባቸው።

ጓዳው ምን እንደሚሠራ የተረጋገጠው በእንቁራሪት ነው። በ1964 ዶናልድ ብራውንና ጆን ጉርደን ኒውክሊዮለስ ሳይኖራቸው የሚያድጉ የእንቁራሪት ሽሎችን መረመሩ። ሽሎቹ የራይቦዞም አርኤንኤ አይሠሩም። እናታቸው በእንቁላሉ ውስጥ ያስቀመጠችላቸው የራይቦዞም ስንቅ እስኪያልቅ ድረስ ያድጋሉ፤ ስንቁ ሲያልቅ ይሞታሉ። ኒውክሊዮለስ የራይቦዞም መሥሪያ መሆኑን ከዚህ በኋላ የተጠራጠረ የለም።

ሦስተኛው ማንኳኳት

በ1940 ሰልማን ዋክስማንና ቦይድ ውድረፍ ከአፈር ውስጥ ከሚኖር ረቂቅ ተሕዋስ አክቲኖማይሲን የተባለ ንጥረ ነገር አወጡ። ለባክቴሪያ መድኃኒትነት ሲፈተሽ እጅግ መርዛማ ሆኖ ተገኘ። ሲድኒ ፋርበር ግን በ1950ዎቹ ቦስተን ውስጥ ከቤተሰቡ አንዱን፣ አክቲኖማይሲን ዲን፣ ወስዶ ዊልምስ የሚባለው የኩላሊት ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት ሰጠ። ከቀዶ ሕክምናና ከጨረር ጋር ሲሰጥ የብዙ ሕፃናትን ዕድሜ አራዘመ። ዛሬም የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ላይ አለ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ፔሪ መድኃኒቱ በትንሽ መጠን ሲሰጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያቆመው የኒውክሊዮለሱን ሥራ መሆኑን አሳየ። ሐኪሞች ሳያውቁት ጓዳውን ሲዘጉ ኖረዋል። ሆኖም ይህን ይዞ "እንግዲያስ የካንሰር ድክመት ራይቦዞም መሥራቱ ላይ ይሆን?" ብሎ አጥብቆ የጠየቀ ሰው ብዙ አልነበረም። መድኃኒቱ "ሴል ገዳይ" ተብሎ ተመዘገበና ታለፈ።

ንጉሦቹ ሲነግሡ

ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ የካንሰር ጥናት የንጉሦች ዘመን ሆነ። ሴልን "ተባዛ" እያሉ የሚያዙ ጂኖች ተገኙ፤ ሚክ አንዱ ነው። "ቁም" የሚሉም ተገኙ፤ ከሁሉ የታወቀው በ1979 የተገኘው ፒ53 ነው። የሰው ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ፒ53ን ያበላሹ ናቸው። እነዚህ ታላላቅ ግኝቶች ናቸው፤ ማንም አይክዳቸውም። ራይቦዞም የሚገነቡት ጂኖች ግን በዚያው ዘመን "የቤት ውስጥ ሥራ ጂኖች" የሚል ስም ተሰጣቸው። ስሙ ራሱ ንቀቱን ይናገራል። የቤት ውስጥ ሥራ ሁልጊዜ አለ፤ ሁልጊዜ ያለ ነገር ደግሞ አይጠየቅም።

ከእነዚህ ሠራተኞች የአንዱን የሕይወት ታሪክ ልንገራችሁ። በ1973 ሂዩስተን ውስጥ የሃሪስ ቡሽ ቡድን የኒውክሊዮለስን ፕሮቲኖች በጄል ላይ እየዘረጋ ይለይ ነበር። ፕሮቲኖቹ ጄሉ ላይ ባረፉበት ቦታ ፊደልና ቁጥር ተሰጣቸው። አንዱ ቢ23 ተባለ። ስሙ እንደ እስረኛ ቁጥር ነው። በኋላ ኒውክሊዮፎስሚን የሚል ወግ ያለው ስም አገኘ፤ ጂኑም ኤንፒኤም1 ይባላል። ሥራው ጓዳው ውስጥ የራይቦዞምን ክፍሎች ማገጣጠምና ወደ ውጭ እንዲወጡ ማገዝ ነው። አምስት አምስት እየሆነ ተያይዞ ይሠራል፤ ከጓዳው ወጥቶ ይመላለሳል፤ ማደሪያው ግን ጓዳው ነው።

በ1994 ሜምፊስ በሚገኘው የቅዱስ ይሁዳ የሕፃናት ምርምር ሆስፒታል ስቴፈን ሞሪስና ባልደረቦቹ አንድ የሊምፎማ ዓይነት ሲያጠኑ፣ ሁለት ክሮሞዞሞች ተሰብረው ቁርጥራጮቻቸው ተቀያይረው ተጣብቀው አገኙ። በስብራቱ ላይ ሁለት ጂኖች ተዋሕደዋል። አንዱ ከዚያ በፊት የማይታወቅ ነበርና በሊምፎማው ስም ኤኤልኬ ተባለ። ሌላው የእኛው ቢ23 ነው። ኤኤልኬ ሥራ የሚጀምረው ከመሰሉ ጋር ሲጣመር ነው። ኒውክሊዮፎስሚን ደግሞ የመያያዝ ልማዱን ይዞለት መጣ። ለግንባታ የተሰጠው ጠባይ ማብሪያው የማይጠፋ ማሽን ፈጠረ።

ዓለም ከዚህ ውስጥ ያስታወሰው ኤኤልኬን ነው፤ በኋላ በሳንባ ካንሰር ውስጥም ተገኝቶ መድኃኒት ተሠራለት። ኒውክሊዮፎስሚን እንደ ተራ አጃቢ ታየ።

ፔሩጃ፣ 2005

ጣሊያን ውስጥ ፔሩጃ በምትባል ከተማ ብሩኖ ፋሊኒ የሚባል የደም ሐኪም ለዚያ ሊምፎማ ጥናት ያገለግሉ የነበሩ፣ ኒውክሊዮፎስሚንን የሚያቀልሙ ፀረ እንግዳ አካላት ነበሩት። ቡድኑ በእነዚህ የአዋቂዎችን አጣዳፊ የደም ካንሰር ናሙናዎች መረመረ። ከ591 ታማሚዎች በ208ቱ፣ ማለትም በ35 በመቶው ላይ፣ ቀለሙ በተሳሳተ ቦታ ታየ። ግንበኛው ጓዳው ውስጥ የለም፤ ወጥቶ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ተበትኗል።

ጂኑ ሲነበብ ምክንያቱ ተገኘ። በጂኑ መጨረሻ አካባቢ ብዙ ጊዜ አራት ፊደላት ብቻ ይጨመራሉ። በዚህ የተነሳ የፕሮቲኑ ጫፍ ይለወጣል፤ ጓዳው ውስጥ የሚያስቆመው መልሕቅ ይነቀልና "ወደ ውጭ" የሚል አድራሻ ይለጠፍበታል። ጤነኛው ቅጂም ከተበላሸው ጋር እየተያያዘ አብሮ ይወጣል። አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን የአዋቂዎች አጣዳፊ ማየሎይድ ሉኪሚያ የሚያመለክተው ይህ ለውጥ ከ2005 በፊት ሳይታወቅ ኖሯል። ብዙዎቹ ታማሚዎች ክሮሞዞማቸው ሲታይ ጤነኛ ስለሚመስል፣ የሕመማቸው መነሻ ባዶ ገጽ ነበር።

ያ ገጽ ሲሞላ ሕክምናው ተለወጠ። በሽታው በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ አገኘ። ለውጡ በካንሰሩ ሴሎች ውስጥ ብቻ ስለሚገኝ፣ ከሕክምና በኋላ በማይክሮስኮፕ የማይታይ የበሽታ ቅሪት መኖር አለመኖሩን በምርመራ መከታተል ተቻለ። ታማሚው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ያስፈልገው እንደሆነ ለመወሰን ይህ ትልቅ እገዛ ነው። ቢ23 የሚባለው ቁጥር የሰው ዕድሜ የሚወሰንበት ፊርማ ሆነ።

ጓዳው ሲደክምስ?

እዚህ ላይ ታሪኩ ያልተጠበቀ መታጠፊያ አለው። እስካሁን ካንሰር ማለት ጓዳው ከልክ በላይ የሠራበት ቤት ይመስል ነበር። እንግዲያስ ጓዳው ሥራ የሚያጓድልበት ሰው ከካንሰር ይጠበቃል ማለት ነው?

በ1938 ሉዊስ ዳይመንድና ኬኔት ብላክፋን ከተወለዱ ብዙም ሳይቆዩ ከባድ የደም ማነስ የሚይዛቸውን ሕፃናት ገለጹ። የመቅኔያቸው ቀይ የደም ሴል አምራች ይጠፋል። መንስኤው ሳይታወቅ 60 ዓመት አለፈ። በ1999 ከታማሚዎቹ ሩብ ያህሉ አርፒኤስ19 በሚባል ጂን ላይ ጉድለት እንዳለባቸው ተገኘ። ይህ ጂን የሚሠራው የራይቦዞም ፕሮቲን ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎችም የራይቦዞም ጂኖች ተከታትለው ተገኙ። የእነዚህ ልጆች ጓዳ ደካማ ነው። ሲያድጉ ግን በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ይልቅ ከፍ ያለ ነው።

በ2004 ደግሞ የናንሲ ሆፕኪንስ ቡድን ዚብራፊሽ በምትባል ትንሽ ዓሣ ላይ ሲሠራ፣ ካንሰር የሚበዛባቸው 12 የዓሣ ዘሮች አገኘ። 11ዱ ከሁለቱ ቅጂ አንዱ የተበላሸ የራይቦዞም ፕሮቲን ጂን የያዙ ነበሩ። በ2005 የፒየር ፓኦሎ ፓንዶልፊ ቡድን ኒውክሊዮፎስሚን ጨርሶ የሌላቸው አይጦች በሽልነታቸው እንደሚሞቱ፣ በግማሽ የጎደላቸው ደግሞ ወደ ደም ካንሰር የሚያመራውን የመቅኔ መታወክ የሚመስል ሕመም እንደሚይዛቸው አሳየ።

ከልክ በላይ የሚሠራም፣ ከልክ በታች የሚሠራም ጓዳ ወደ ካንሰር ሊወስድ ይችላል። እንዴት?

አንዱ ማብራሪያ ይህ ነው። ጓዳው ሲታወክ አርፒኤል5 እና አርፒኤል11 የሚባሉ የራይቦዞም ፕሮቲኖች የሚገቡበት ራይቦዞም አጥተው ይተርፋሉ። የተረፉት ሄደው ኤምዲኤም2 የሚባለውን ይይዙታል። የኤምዲኤም2 የዘወትር ሥራ ፒ53 እንዲወገድ ማድረግ ነው። እሱ ሲታሰር ፒ53 ይበዛና ሴሉን "ቁም" ይለዋል። ጤነኛ ቤት ጓዳው ሲበላሽ ዘበኛው ደወል ይደውላል ማለት ነው። ደወሉ ለዓመታት ሳያቋርጥ ሲጮህ ግን፣ ዘበኛውን ያስወገደ ሴል ከጎረቤቶቹ ይልቅ ይመቸዋል፤ እሱ ይባዛል፣ ሌሎቹ ይቆማሉ። የዚብራፊሾቹ ዕጢዎች በተመረመሩ ጊዜ የፒ53 ፕሮቲን የማይሠሩ ሆነው ተገኝተዋል።

ጓዳው የሠርጉ ተከታይ ብቻ ነው ለሚለው የቆየ ሐሳብ ደግሞ ቁርጥ ያለው መልስ በ2008 መጣ። ማሪያ ባርናና ዴቪድ ሩጄሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በሚክ ትእዛዝ ሊምፎማ የሚይዛቸውን አይጦች ወስደው ከአንድ የራይቦዞም ፕሮቲን ጂን ሁለት ቅጂዎች አንዱን አጎደሉባቸው። ሚክ እንደነገሠ ነው፤ ትእዛዙ አልተለወጠም። የፕሮቲን ምርቱ ግን ወደ ጤነኛው ልክ ተመለሰ፤ ካንሰሩም ተገታ። ንጉሡ ያለ ጓዳው ማዘዝ እንጂ ማስፈጸም አልቻለም።

ታሪኩ ለእኛ ምን ይላል?

አንደኛ፣ "ምልክት ነው እንጂ መንስኤ አይደለም" የሚለው ፍርድ ሳይፈተን መጽናት የለበትም። ከፒያኔዜ እስከ ባርና 112 ዓመት ነው። ማይክሮስኮፕ የሚያይ ሁሉ ነጠብጣቡን አይቶታል። የጎደለው ዓይን አልነበረም፤ ነጠብጣቡን ይዞ "ብነካውስ ምን ይሆናል?" ብሎ መጠየቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ ግንበኛውን ከፍ አድርገን በተራው ማንገሥም ሌላ ስህተት ነው። የኒውክሊዮፎስሚን ሉኪሚያ የመጣው ራይቦዞም ስላጠረ ብቻ አይደለም። የተበላሸው ፕሮቲን ሴሉን ሳይበስል የሚያቆዩ ጂኖች እንዳይዘጉ ያደርጋል፤ ሜኒን የሚባል ሌላ ፕሮቲን በዚህ ያግዘዋል። በ2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለተመላለሰባቸው ወይም ሕክምና ላልሠራላቸው የዚህ ሉኪሚያ ታማሚዎች ያጸደቃቸው ሬቩሜኒብና ዚፍቶሜኒብ የሚሠሩት ሜኒንን በመያዝ ነው። አንድ ፕሮቲን ጓዳ ውስጥ ግንበኛ፣ ከጓዳ ውጭ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ አሮጌ መሣሪያም ታሪኩ ሲታወቅ አዲስ ይሆናል። በ2015 የፋሊኒ ቡድን ያንኑ የፋርበርን አክቲኖማይሲን ዲ ኤንፒኤም1 ለተበላሸባቸው ጥቂት ታማሚዎች ሰጥቶ፣ ከእነሱ መካከል በሽታቸው የተገታላቸው እንደነበሩ ዘግቧል። በ2017 ደግሞ ለአንጀት ካንሰር የሚሰጠው ኦክሳሊፕላቲን እንደ ዘመዱ ሲስፕላቲን ዲኤንኤን በመጉዳት ሳይሆን የራይቦዞም ግንባታን በማወክ ሴል እንደሚገድል ታየ። ለዓመታት በደም ሥር ሲሰጥ የነበረ መድኃኒት ማንን እንደሚመታ ያወቅነው ገና በቅርቡ ነው። ይህ የአዋቂ ወግ ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ የቱን ካንሰር እንደሚመታ፣ ከምን ጋር ሊሰጥ እንደሚገባና ለማን እንደማይበጅ ለማወቅ መነሻው ይህ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ይህን አንብቦ "እንግዲያስ ፕሮቲን መብላት ባቆም ካንሰሩ ይራባል" የሚል እንዳይኖር። ካንሰሩ ከምግብ ቢያጣ ከጡንቻችሁ ይወስዳል፤ ቀድሞ የሚራበው ታማሚው ነው። እላይ ያየነው አይጥ ተርቦ አይደለም ካንሰሩ የተገታለት፤ አንድ ጂን በልክ ስለተነካ ነው። በየስልኩ የሚዞሩት "ካንሰርን በምግብ አስርቡት" የሚሉ መልእክቶች የማያውቁት ይህን ልክ ነው። የዳይመንድና የብላክፋን ልጆች ጓዳን ያለ ልክ ማድከም ምን እንደሚያመጣ አሳይተውናል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከፒያኔዜ እስከ ፋሊኒ ያሉት ሰዎች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሌላው "የታወቀ ነው" ብሎ ያለፈውን ቆም ብለው አዩት። ክሎድ ጤነኛውን የጫጩት ሽል ባይፈጭ ኖሮ፣ ፋሊኒ ቀለሙ በተሳሳተ ቦታ መታየቱን የላቦራቶሪ እንከን ነው ብሎ ስላይዱን ቢጥለው ኖሮ፣ ዛሬ ስንቱ ታማሚ ሕመሙ ስም ሳይኖረው ይቀር ነበር።

እንግዳ ሳሎኑን አይቶ ይሄዳል። ቤቱን የሚያውቅ ጓዳውን ያየ ነው።

ቸር ሰንብቱ።